አገር ስጡኝ ይል የነበረው ልጅ

ባለፈው ሰሞን የተበላሸ ካውያ ላሠራ ፍኖተ ሰላም ገበያው ጥግ ወዳለች የጥገና ሱቅ ጎራ ስል፣ ጠጋኙ አንድ ጀርባው ያበጠ የድሮ ቴሌቪዥን ከፍቶ ሲሞክር ደረስኩ። ያ የጋለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ካውያዬን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ሃምሳ ሊሞላት የተቃረበች የመንግሥት ሠራተኛ ዓይኗን ጨፍና አሮጌ ሣጥን ስታሸት ሲያይ ሰውየው ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቀው፤ እኔ ግን በዚያች ቅጽበት እትዬ ብርቄ ሳሎን ውስጥ ነበርኩ።

በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው እትዬ ብርቄ ቤት ብቻ ነው። በር ባለው የእንጨት ሣጥን ተቆልፎ፣ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል፤ ቁልፉ ከአንገታቸው ከማተባቸው ጋር ይውላል። እሑድ የልጆች ሰዓት ሲደርስ ደጃፋቸው ላይ አንድ ሳፋ ውኃ ያስቀምጡና እግሩን ያልታጠበ አይገባም ይላሉ፣ ውኃው ግን ስለማይቀየር መጨረሻ የታጠበው ልጅ ካልታጠበው የባሰ ቆሽሾ ይገባ ነበር። ሣጥኑ ተከፍቶ፣ ቴሌቪዥኑ ሞቆ፣ ያ ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ የፕሮግራሙ መሪ ገና "እንደምን ዋላችሁ ልጆች" ሳትል እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አስተካክለው እንደ እንግዳ ሊቀበሏት ብድግ ይላሉ።

ቢያድግልኝ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ይቀመጥ የነበረ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ እንቆቅልሹን ከየት እንደሚያመጣው የማይታወቅ ልጅ ነበር። ጨዋታውን ያልተጫወተ የለም፤ "እንቆቅልህ" ሲባል "ምን አውቅልህ" ይባላል፣ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፣ ጠያቂውም "ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ" እያለ፣ እየተንጎራደደ ተሸናፊውን ልክ ልኩን ከነገረው በኋላ መልሱን ያወጣል። የእኛ ሰፈር ልጆች ግን አንድ የራሳችን ሕግ ነበረችን፤ አንዴ የተሰጠ አገር የባለቤቱ ነው፣ ሌላ ሰው አይነካውም። ዱርቤቴን ለሁለት ሰው የሰጠ አንድ ቀጣፊ ጆሮው እስኪቀላ ተቆንጥጧል። ቢያድግልኝ አመሻሽ ላይ ወደ ቤቱ ሲገባ ከዳንግላ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ካሜራ ተሸክመው ትምህርት ቤታችንን ሲዞሩ እሱን ሰሙት። ብዙም ሳይቆይ አክስቱ ቤት አዲስ አበባ ተቀመጠና በየእሑዱ እትዬ ብርቄ ሣጥን ውስጥ ብቅ ይል ጀመር። የፕሮግራሙ መሪ "ማሙሽ" አለችው፣ አገር ምድሩም ማሙሽ አለው። በዚያች በወለቀች ጥርስ በኩል እያፏጨ "አገር ስጡኝ!" ሲል፣ ከእኛ ወለል ላይ ደግሞ አርባ እግር የሚሆን ቁጭ ብለን ያለንን አገር ሁሉ እንወረውርለት ነበር።

እናቱ እማማ ጥሩ ከበሩ ሥር ይቀመጡና ልጃቸውን ሲያዩ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። መሪዋ መልሱ ጠፍቷት "እሺ፣ አዲስ አበባን ሰጠሁህ" ያለችው ዕለት እልል አሉ። ቀጥለው ወደ እትዬ ብርቄ ዞረው፣ "ኧግ! ከነቤቱ ነው እንዴ የሰጡት?" ብለው ጠየቁ። ሳቅንባቸው፣ ሳሎኑ እስኪናወጥ። እሳቸው ግን ገበያ ላይ ላገኙት ሁሉ "ልጀን አገር ሰጡት እኮ" ማለታቸውን አልተዉም፣ እኛም ብንስቅ ብንስቅ በልባችን ሳናምናቸው አልቀረንም።

ከዚያ ድምፁ ጎረነነ። አንድ እሑድ ሣጥኑ ሲከፈት ወንበሩ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል፤ የድሮው የት ሄደ ያለ የለም፣ ልጁም ደህና ያሥቅ ነበርና እኛም ሳቅን። ቢያድግልኝ በአውቶቡስ ተመለሰ፣ እጅጌው ያጠረበት ኮት ለብሶ። መምህራን ሲያዩት ተረብ ይጠብቃሉ፣ እሱ ደግሞ ዝምታ አብዝቷል። ማትሪክ ሲወድቅ ከተማው "ያን ሁሉ እንቆቅልሽ የሚያውቅ!" እያለ ተሳለቀ፤ የኔ ወንድም ያው ዓመት ሲወድቅ ግን የጠየቀው እንኳ አልነበረም። ሰው አዋቂነቱ ሳይወራለት ቢወድቅ፣ ውድቀቱ የራሱ ይሆንለታል።

ጢም ካወጣ በኋላም ማሙሽ ነበር። አረቄ ቤት የገባ እንደሆነ አንዱ መለኪያ ይቀዳለትና "በል በዚያች በልጅነትህ ድምፅ!" ይለዋል። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አባት ከመሀል አስነሥቶት አይቻለሁ፤ ያ ረጅም ሰው ከንፈሩን ሸብቦ፣ ድምፁን አቅጥኖ "አገር ስጡኝ!" አለ፣ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ዓይኑ ግን መውጫውን ይፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዱርቤቴ ነው ሲሉ፣ ባሕር ዳር ነው ሲሉ፣ በሄደበት ሁሉ አንድ የሚያውቀው ሰው እያገኘው፣ ከዚያም ጓዙን ይዞ ሲነሣ ኖረ። እማማ ጥሩም ዓይናቸው እንደናፈቀ አረፉ።

ዘንድሮ ደግሞ ያ የድሮ ምስል በስልክ ይዞር ጀመር። "ማሙሽ የት ገባ?" ይላል ጽሑፉ። መሥሪያ ቤታችን ያለው ዳዊት የሚባል ጎረምሳ፣ በትርፍ ሰዓቱ ቪዲዮ እየሠራ የሚለቅ፣ አብረን መማራችንን ሰምቶ "አፈላልጊልኝ፣ በዚያ ድምፅ አንዴ ካወራልን በቂ ነው" እያለ ወጥሮ ያዘኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። እንዲያውም እንርዳው ባይ ነው።

ለለቅሶ ቡሬ በወረድኩበት ቅዳሜ መናኸሪያው ውስጥ "ነቀምት! የሞላ ነቀምት!" የሚል የጎረነነ ድምፅ ሰማሁና ዞር አልኩ። ጢሙ ሸብቷል፣ ጥርሶቹ ሙሉ ናቸው። ረዳቶቹ "አያ ቢያድግ" እያሉ ይጠሩታል። አወቀኝ፤ ፈገግ ከማለቱ በፊት ግን ግራ ቀኙን አየ። ሻይ ይዘን ተቀመጥን። መጠጥ ከተወ ቆይቷል፣ ልብስ ከምትሰፋ ሴት ጋር ይኖራል፣ ልጇን እንደ ልጁ ያሳድጋል። "ለነሱ ተራ አስከባሪ ነኝ፣ አንጓች። ጧት ወጥቸ ማታ እምገባ ሰው። ሌላ ምንም አያውቁ" አለኝ። የዳዊትን ነገር ስነግረው ብርጭቆው ላይ አቀረቀረ።

ቀና ሲል ግን የዴስኬ ልጅ ነበር።

"እንቆቅልሽ።"

"ምን አውቅልህ?"

"ባለቤቱ ሲሸብት እሱ ልጅ ሆኖ የቀረ።"

መልሱማ እኔም ስልክ ውስጥ አለ። "አላወቅሁም" አልኩት።

"እንግዲያ አገር ስጭኝ።"

ፍኖተ ሰላምን ብሰጠው በአንገቱ እምቢ አለ። አዲስ አበባን ስለው ሳቀ፣ "እሷንስ አንዴ ሰጥተውኝ አይተናል" አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። "ቡሬን ሰጠሁህ" አልኩት።

"ቡሬ ገብቸ ምን አጥቸ" አለ፣ በዚያው በጎረነነ በራሱ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሚኒባሱ ሊሞላ ነውና ተነሥቶ ሄደ።

እትዬ ብርቄ ዛሬ የሉም፤ ቤታቸው ፈርሶ የስልክ መሸጫ ሆኗል፣ ሣጥኑም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ያ ወለል ላይ የተቀመጥን ልጆች በየፊናችን ወፈርን፣ ሸበትን፣ የልጅነት ፊታችንን የሚያስታውስ እንኳ ሳይኖር በሰላም አረጀን። ይህን ጸጋ ብለነው አናውቅም። እሱን ግን አገር በአገር ላይ እየሰጠን፣ ማደጊያ የምትሆን አንዲት ጓሮ ከለከልነው።

ሰኞ ጧት ዳዊት ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ መጣ። "ቡሬ አካባቢ አለ ይላሉ፣ እውነት ነው እንዴ?"

"ቡሬ ተሰጥቷል" አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። እኔም አላብራራሁለት፤ አንዴ የተሰጠ አገር የባለቤቱ ነው።