ቅቤዋን ያሰርኩበት ክሬም

እናቴ አውቶቡስ መሳፈር የተወችው አንዲት ወጣት አጠገቧ ተቀምጣ መስኮት ስለከፈተች ነው። ልጅቷ አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። እናቴ ወዲያው ገባት፤ ፀጉሯን የተቀባችው ቅቤ ሸትቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰፈራችን ሱቅ አልፋ አትሄድም። የእኛ የቤተ እስራኤሎች በዓል ስግድ ሲቃረብ ደግሞ «ዘንድሮ አርሞን ሃናጺቭ አልወጣም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ በዓሉ የሚከበርበት ኮረብታ ነው። ራሷን ሳትቀባ ለበዓል መውጣት ለእሷ ነጠላ ሳይደርቡ እንደመውጣት ነው። ተቀብታ ልትሄድ ስትል ደግሞ ያ መስኮት ትዝ ይላታል።

በዚያን ጊዜ፣ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ እዚያው ከተማ ታልፒዮት በሚባል ሰፈር ሻምፖና ክሬም በሚሠራ ትንሽ ወርክሾፕ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ ዘይትና ውሃን ማስታረቅ ነው። ለዚህ ሁለት ዓይነት ማዋሃጃ ነበረን፤ አንዱ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ዘይት ይወዳል። ሁለቱን በልኩ ደባልቀው ሲጨምሩ ዘይቱና ውሃው አብረው ይኖራሉ፤ ልኩ ከተዛባ ግን በማግስቱ ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ ይገኛል። ማዋሃጃዎቹ ለቆዳ ለዘብ ያሉ ናቸው፤ ማንቆርቆሪያውን ሁሉ ነጭ ድንጋይ ከሚያለብሰው ከኢየሩሳሌም ውሃ ጋር እንኳ አይጣሉም። እኔ ከሰው ጋር ቶሎ ስለምጣላ ነው መሰለኝ፣ ይህን ጠባያቸውን እወደው ነበር።

ታዲያ የእናቴን ቅቤ ለምን ክሬም አላደርገውም አልኩ። ቅቤውን የምትሰጣት ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የምትኖር የጎንደር ወዳጇ ናት። አለቃዬን አስፈቅጄ ከዚያው ቅቤ ጥቂት ወደ ወርክሾፑ ወሰድኩ። የመጀመሪያው ሙከራ ተለያየብኝ፤ ለለውዝ ዘይት የለመድነው ልክ ለቅቤ አልሆነም። የሁለቱን ማዋሃጃዎች መጠን እየለዋወጥኩ፣ ውሃውንም ቅቤውንም እኩል እያሞቅሁ ስሞክር በመጨረሻ ያዘልኝ። የሎሚ ሽታ ጨመርኩበት። ነጭና ለስላሳ ሆነ።

«እማ፣ ቅቤሽ እዚህ ውስጥ አለ» ብዬ በጠርሙስ ሰጠኋት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ እናቴ ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ ወዲያ ወዲህ ትንጠዋለች። ላብ አጥምቋታል።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቅቤው በውስጡ አለ አላልኸኝም? ስንጠው ዋልሁ። ጠብ የሚል ነገር የለም!»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሷ ተቆጣች።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ምን ብታደርግበት ነው እንዲህ ያሰርኸው? በል ፍታልኝ።»

«አይፈታም እማ። የደከምኩት እንዳይፈታ ነው።»

«ውይ ልጀ፣ ቅቤም ይታሰራል?»

ለአለቃዬ ብነግረው በሳቅ ፍርስ አለ። እኔ ግን በሆዴ ኮራሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ወተት ስትንጥ የኖረች ሴት ያላሸነፈችው ክሬም መሥራት ቀላል ነገር አይደለም።

የስግድ ዕለት ማለዳ እያጉረመረመችም ቢሆን ተቀብታው ወጣች። አውቶቡሱ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሎሚ ሎሚ ትሸታለች። ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ያሰብኩት ሁሉ ሞላልኝ፤ ሆኖም የሰው እናት አጠገብ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ያ ሽታ ልጅነቴን ሁሉ ያቀፈኝ ሽታ ነበር።

ጥቂት እንደሄድን አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት ተሳፍረው ፊት ለፊታችን ተቀመጡ። ቅቤው ከፀጉራቸው ወደ ግንባራቸው ወርዷል። ከኋላቸው የነበረ ሰውዬ ብድግ አለና መስኮቱን ከፈተ። አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ።

እናቴ ተነሳች። ከምታውቃቸው ጥቂት የዕብራይስጥ ቃላት አንዱን መርጣ «ካር» አለችው፤ ብርድ ነው ማለቷ ነው። መስኮቱን ዘጋችው። ከዚያ ወደ እኔ አልተመለሰችም። አሮጊቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ጭንቅላቷን ወደ እሳቸው አስጠግታ፣ እስክንወርድ ድረስ ሽታቸውን ስትስብ ነበር።

በዓመቱ ለስግድ የተቀባችው ያልታሰረውን ቅቤዋን ነው። አውቶቡሱ ላይ በመስኮቱ በኩል፣ ማንም እንዳይከፍተው፣ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።