ወንጪት መሃል የቆመው መኪናችን

ከተጋባን በኋላ ሁለት ዓመት ያህል የኖርነው መኪና ውስጥ ነው። አሮጌ ገልባጭ ነበር፤ ባሌ ሾፌሩ፣ እኔ ረዳቱ። ከወንጪት ወንዝ አሸዋ እየጫንን መርሐቤቴ ውስጥ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች እናደርሳለን። ሥራው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ስለሆነ ቤት መከራየቱን ተውነው። ከወንበሩ ኋላ ባለችው ጠባብ መኝታ ላይ እንተኛለን፤ ከጎማው ጥግ ነፋስ ከልለን እናበስላለን። ልብሳችን፣ ድስታችን፣ የሠርጋችን ፎቶ ሳይቀር ጋቢናው ውስጥ ነው። መኪናው በተበላሸ ቁጥር ቤታችን ተበላሸ ማለት ነበር።

ደግሞም ይበላሻል። ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ እምቢ ብሎት፣ ዘልዬ ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ የወተፍኩበት ቀን አለ። የናፍጣ ጋኑ ሲያፈስ በሳሙና ደፍነን የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ገብተናል። እየለመድኩት ሄድኩ። በእውነት የፈራሁት ግን ወንጪት መሃል የቆመ ዕለት ነው።

ሰኔ መግቢያ ላይ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ቆላው ውስጥ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ዝናብ የሚባል የለም። በመንዝ በኩል ካለው ዳርቻ አሸዋችንን ሞልተን ወደ መርሐቤቴ ስንሻገር ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አለና ጠፋ። ውሃው ከጉልበት በታች ነው።

«አየር ስቧል» አለ ባሌ።

የናፍጣው ቱቦ ውስጥ አየር ከገባ ሞተሩ አይነሣም። አየሩን ለማስወጣት አንድ ሰው ብሎን ያላላል፣ ሌላው በእጅ ፓምፕ ናፍጣውን ይገፋል። ሞተሩ ያለው ደግሞ ከጋቢናው ሥር ነው። ጋቢናውን ወደ ፊት ስንደፋው ድስቱና ብርጭቆው ሲንኮታኮት ሰማሁት።

ከእኛ ትንሽ ቀድመው ወደ መንዝ በእግር የተሻገሩ አንድ አረጋዊ ቄስ ዳርቻው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያደርጉ ነበር። ቀና ብለው የወንዙን ላይኛውን አቅጣጫ አዩ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «መንዝ ደጋው ላይ ዝናቡን ከጠዋት ጀምሮ ሲያወርደው ነው የዋለው። ትታችሁት ውጡ።»

«አንድ ጊዜ ነው አባ፣ ጨርሰናል» አለ ባሌ። ገና አልጀመርንም ነበር።

እሳቸው ውሃው ጫፍ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀመጡና ቆመው ይጠብቁ ጀመር። እኔ ፓምፑን እገፋለሁ፤ እሱ በብሎኑ በኩል የሚወጣውን ያያል። አረፋ ብቻ ነው።

«ድንጋዩን ዋጠው» አሉ ቄሱ። ሌላ ከፍ አድርገው አስቀመጡ።

ውሃው መልኩን ሲለውጥ አየሁት። መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ከዚያ ቀላ፤ ገለባና እንጨት ይዞ መጣ። ጭኔ ደረሰ።

«አንቺ ውጪ» አለኝ ባሌ፣ «እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«በስንት እጅህ?»

ወደ ብሎኑ ተመለሰ። አውራ ጣቴ ተልጦ ይደማል፤ እገፋለሁ። ቄሱ ድንጋይ ማስቀመጡን ትተው መጸለይ ጀምረዋል። በመጨረሻ አረፋው ቀርቶ ጥርት ያለ ናፍጣ ወጣ። ብሎኑን አጠበቀ፣ ጋቢናውን መለስን፣ ዘለን ገባን። ባትሪው ደካማ ስለነበረ ከአንድ ሙከራ በላይ እንደማይበቃ ሁለታችንም እናውቃለን። ቁልፉን ሲያዞር ዓይኔን ጨፈንኩ።

ተነሣ። ግን ጎማው በቦታው ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም።

«አሸዋውን ገልብጠው» አልኩት።

«ከጠዋት ጀምሮ የዛቅነውን?»

«ገልብጠው ነው የምልህ።»

ገለበጠው። አሸዋው ከኋላችን ወንዙ ውስጥ ሲወርድ መኪናው ቀለል ሲለው ከወንበሩ ሥር ተሰማኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ተሳበ። ውሃ በበሩ ሥር እግሬን እያራሰው መርሐቤቴ ዳርቻ ላይ ወጣን። ብዙም ሳይቆይ ቆመንበት የነበረው ቦታ ላይ አንድ ሙሉ ዋርካ ከነሥሩ እየተንከባለለ አለፈ።

ቄሱ ወዲያ ማዶ ቀሩ። መስቀላቸውን አንሥተው የሆነ ነገር አሉ፤ በጎርፉ ድምፅ ምንም አልሰማሁም። ወገቤን ሰብሬ እጅ ነሣኋቸው። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

መሬት ላይ ተቀምጬ ልብሴን ስጨምቅ ባሌ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«የናፍጣው ቱቦ መሰንጠቁን ሰኞ አይቼው ነበር» አለ። «በላስቲክ ጠቅልዬው ነበር፤ አየር የሳበው በዚያ ነው። እንዳትፈሪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

በማግስቱ ዓለም ከተማ ስንደርስ እሱ ወደ ጋራዥ ሄደ፤ እኔ ሳልነግረው ፍራሹንና የተረፈውን ዕቃ አውርጄ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አመሻሽ ላይ ጠይቆ አገኘኝ፤ በሩ ላይ ትንሽ ቆሞ ገባ። ክረምቱን እዚያው ከረምን።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲደርቅ «ትመጪያለሽ?» አለኝ። መኪናው ምን ምን ችግር እንዳለበት አስቀድሞ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ፤ ብዙ ነበር። ሰምቼ ስጨርስ ጫማዬን አድርጌ ተከትዬው ወጣሁ።