ልጄን ፍለጋ የጃፓኖቹ ኮንሰርት ሄጄ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ጥቅምት ነው። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም። ስሜን ሳልጠቅስ እዚህ ብጽፈው ትንሽ ይቀለኝ ይሆናል።

የምንኖረው ሚኒያፖሊስ አጠገብ፣ ብሩክሊን ሴንተር ነው። ሳሮን አንድ ልጃችን ናት። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት የአንድ የጃፓን ባንድ ሙዚቃ ያዛት። ሜታል ነው፤ ግን የሚፈጥነው ዓይነት አይደለም፣ ከባድ ዕቃ መሬት ለመሬት ሲጎተት ነው የሚመስለው። ግጥሙ ሁሉ ስለ ሞትና ስለ መቃብር ነው አሉኝ። እሷ ክፍሏን ዘግታ ቀኑን ሙሉ ትሰማዋለች።

"ይሄ የሰይጣን ነው" አልኳት።

"ኢትስ ጀስት ሚውዚክ፣ ዳድ" አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ የሚሰማትን የሚናገሩላት እነሱ ብቻ እንደሆኑ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ።

ምን እንደሚሰማት አልጠየቅኳትም። የቸርች ሽማግሌዎች ጠርቼ አስጸለይኩላት። እጃቸውን ጭነውባት ሲጮኹ እሷ ግድግዳውን ታያለች። በማግስቱ ሥራ ስትሄድ ሲዲዎቿንና የባንዱን ቲሸርት ጋርቤጅ ውስጥ ከተትኩት። ሳምንት ሳይሞላ ከቤት ወጣች፤ ስልኳንም ቀየረች። ይኸው ሦስት ዓመት አለፈ።

በጥቅምት ሚኒያፖሊስ ባቡር ስጠብቅ አንድ ፖስተር አየሁ። ላዩ ላይ ያለችው የጣልኩት ቲሸርት ላይ የነበረችው ፊት የሌላት ሴት ናት። ባንዱ ቅዳሜ ሊመጣ ነው። ሳሮን ከዚህ አትቀርም ብዬ ሺፍት ቀይሬ ሄድኩ።

አዳራሹ ጥቁር በለበሱ ወጣቶች ተሞልቷል። እኔ የሥራ ጃኬቴን እንደለበስኩ መሐላቸው ቆምኩ። ማንም አልሳቀብኝም። ሙዚቃው ሲጀምር ደረቴ ድረስ ተሰማኝ። አጠገቤ የቆመው ጺማም ልጅ የጆሮ መድፈኛ ሰጠኝ።

"ምንድን ነው የሚለው?" ብዬ ጮህኩ።

"ጠራሁ፣ የሰማኝ የለም ነው የሚለው" አለኝ።

እየዞርኩ የሁሉንም ፊት አየሁ። ሳሮን የለችም።

ስወጣ በሩ አካባቢ ቲሸርት ለምትሸጥ ሴት ፎቶዋን በስልኬ አሳየኋት። ፊቷ በራ።

"ሳሮን! አብረን ነበር የምንኖረው። ዓምና ኦሪገን ሄደች፤ አንዳንዴ ትደውልልኛለች። አንተ ምኗ ነህ?" አለችኝ። ሳልመልስላት ቀጠለች። "ዘመድ ያላት አይመስለኝም ነበር። አባቷ እንደሞተ ነው የነገረችን።"

ስልኬን ኪሴ ከተትኩት።

"አጎቷ ነኝ" አልኩ።

ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። "ስለ ወንድምህ አዝናለሁ" አለች።

"አመሰግናለሁ" አልኳት።

ሳሮን ስትደውል አጎትሽ መጥቶ ነበር እንድትላት ለመንኳት፤ ቁጥሬን ሰጥቼ የሴትየዋን ቁጥር ተቀበልኩ። እኔም እናቷም ወንድም የለንም። ማን እንደመጣ ሳሮን ወዲያው ይገባታል ብዬ ነው።

ሁለት ወር ጠብቄ ሴትየዋ ጋ ደወልኩ።

"ነግሬያታለሁ፤ ቁጥርህንም ሰጥቻታለሁ" አለችኝ። "የቱ አጎቴ ሳትል ሌላ ወሬ ጀመረች።"

ከዚያ ወዲህ አልደወልኩም። ባለቤቴ ሁልጊዜ ስትጸልይ "ልጃችንን መልስልን" ትላለች፤ እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ አሜን እላለሁ። አሜን የምለው እሷ ብቻዋን እንዳትቀር ነው። ሳሮን እንደማትመጣ እኔ አውቄዋለሁ።