በር ያልታየባት መንደር

ጣሳዋ ዛሬ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ የአክስቴ የእትዬ ዘውዴ ፍሪጅ ላይ ተቀምጣለች። ልጅ እያለሁ ግን ቦታዋ ደሴ፣ ከአልጋው ራስጌ ካለው መደርደሪያ ላይ ነበር። ድሮ ብስኩት ነበረባት አሉ፤ እኔ ስደርስባት የያዘችው መርፌ፣ ክርና የተበጠሰ ቁልፍ ነው። ስትከፈት ዝገት ዝገት ትሸታለች። አፍንጫዬን ጠጋ ሳደርግ ግን ከሥሩ የብስኩቱ ጣፋጭ ሽታ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ክዳኗ ላይ የጣሊያን አገር መንደር ተስሏል። ኮረብታ አናት ላይ የድንጋይ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ መሃላቸው የደወል ማማ፣ ዙሪያቸውን የድንጋይ ቅጥር። ከታች የምትነሣ ነጭ መንገድ ኮረብታውን እየዞረች ትወጣና ቅጥሩ ሥር ስትደርስ ድንገት ትጠፋለች። በር የሚባል ነገር አይታይም።

እናቴ ስትሞት ከገጠር አምጥተው ያሳደጉኝ እትዬ ናቸው። እሳቸው ፈትል ሊሸጡ ገበያ፣ ልጃቸው ደረጀ ተማሪ ቤት ሲሄዱ እኔ ቤት እጠብቃለሁ። ያን ጊዜ ክዳኗን ጭኔ ላይ አድርጌ በጣቴ መንገዷን ይዤ እወጣለሁ፤ ቅጥሩ ጋ ስደርስ እቆማለሁ። ደረጀ ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ ሲመጣ እንዲህ እንደሆንኩ ያገኘኝና ይስቅብኛል። በር የላትም፣ ሰዎቹ በገመድ እየተጎተቱ ነው የሚገቡት፣ አንቺን ደግሞ ገመዱ አይችልሽም ይለኛል። አንድ ቀን አስለቀሰኝና እትዬ ሰሙ። ክዳኗን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩአት።

«መንገድ እስካላት ድረስ በር አታጣም» አሉት። «አንተ ስላላየኸው የለም አይባልም።»

በዚያው መስከረም እጄን ይዘው ተማሪ ቤት ወሰዱኝ። የእኔ ዘመን ሰው ያስታውሳል፤ ዕድሜ በወረቀት አይጠየቅም ነበር። ቀኝ እጁ በአናቱ ላይ ተሻግሮ ግራ ጆሮውን የነካ ልጅ ለትምህርት ደርሷል ይባላል። ከፊቴ የተሰለፉት ሕፃናት አንገታቸውን እያጣመሙ ይንጠራራሉ። እኔ ተራዬ ደርሶ እጄን ብሰድ ጆሮዬን አልፎ አገጬን ያዘ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። መዝጋቢው መምህርም፣ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ይቺ ልጅ እንኳን ለትምህርት ለባልም ሳትደርስ አልቀረችም አሉ።

እትዬ አልሳቁም። «እጇ የረዘመው ለመጻፍ እንዲመቻት ነው፣ የኔ ጌታ» አሏቸው።

መምህሩ መዝገባቸውን ገልጠው ስሜን ጠየቁ። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ጉልበቴ ከሁሉም ልጅ ከፍ ብሎ፣ የጠመኔ ብናኝ እየሸተተኝ አንደኛ ክፍል ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ከመጽሐፍ አልተለየሁም። ሁሉ ነገሬ ዘግይቶ ነው የመጣው። አሜሪካ መጥተን እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ኮሌጅ የጨረስኩት እንኳ ልጄ ማህሌት ሃይስኩል ስትገባ ነው። አምና ማህሌት ሥራ በያዘች በዓመቷ፣ ማሚ የጣሳሽን አገር ላሳይሽ ብላ ትኬት ቆረጠች። ልሰናበታቸው ወደ እትዬ ስሄድ ከደረጀ ጋር ተኳርፈው አገኘኋቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ከቅዳሴ በኋላ ለአረጋውያን ፊደል ማስተማር ጀምሯል፤ እሱ ይለምናል፣ እሳቸው እንቢ ብለዋል። እኔን ተማሪ ቤት ያስገቡኝ ሴት መድኃኒታቸውን የሚለዩት በክዳኑ ቀለም ነው። የእኔ በር ድሮ ተዘግቷል፣ ተዉኝ አሉን። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ እስክገባ ድረስ ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ጣሊያን አገር፣ ማህሌት የመረጠችው መንደር ኮረብታ ሥር ስንደርስ ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይና ጦስኝ ይሸታል። እኔ መቼም ዝም ብዬ አላይም፤ የክዳኗን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አስተያየሁ። የጣሳዋ ማማ በግራ ነው፣ የዚህች በቀኝ። ይህቺ አይደለችም አልኩ። ማህሌት «ማሚ፣ ክሎዝ ኢናፍ፣ መመሳሰሏ ይበቃል» አለችኝ። መንገዷ ግን ቁርጥ ያቺው ናት። እየዞረች ወጣች፣ ቅጥሩ ሥር ጠፋች። ጉልበቴን እየያዝኩ ደረስኩ፤ እፊቴ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስል መንገዷ በቅጥሩ እብጠት ዞራ፣ እዚያ፣ ከታች ላለ ሰው በማይታይበት በኩል፣ በሩ አለ። ከሩቅ የሚመጣ ጠላት እንዳያየው እንዲያ ሠርተውት ነው አለች ማህሌት ሰሌዳውን አንብባ። ክንዴን የሚያህል የብረት ማጠፊያ ግድግዳው ላይ ቀርቷል፤ መዝጊያው ግን የለም። ዳቦ የያዘች ሴትዮ ቀና እንኳ ሳትል አልፋን ገባች።

እትዬ ስመለስ ስለ አገሩ አልጠየቁኝም። «በሩንስ አገኘሽው?» አሉኝ።

«አለ እትዬ። ከጎን በኩል ነው። መዝጊያም የለውም።»

ወደ ደረጀ ዞር ብለው አላልኩህም ወይ አሉት። ሽበታሙ ደረጀ፣ ገመዱስ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እውነቱ እንዳይቀር ብዬ፣ መንደሯ ያችው ራሷ እንዳልሆነች ልናገር ጀመርኩ። እትዬ እሱን ማን ጠየቀሽ ብለው አቋረጡኝ። ከዚያ ጣሳዋን ከፍሪጁ ላይ አውርደው የክዳኗን መንገድ በጣታቸው ተከተሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ክንዴን ይዘው ወደ መማሪያው ክፍል አቀኑ። ደፉ ላይ ቆም አሉና ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ቀኝ እጃቸውን በአናታቸው ላይ ሰደዱ። ትከሻቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ እጃቸው መሀል አናታቸው ላይ ቀረ።

«አልደረሰም» አሉ። «ገና ልጅ ነኝ ማለት ነው።»

እዚህ አገር ጆሮ አይጠየቅም አልኳቸው። እየሳቁ ገቡ።

አሁን እሑድ ከሰዓት ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ፊደላቸውን ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በጣታቸው መስመሩን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ያኔ ቅጥሩ ሥር ስደርስ እቆም ነበር። እሳቸው መስመሩ ሲያልቅ ጣታቸውን አንሥተው፣ ዞረው፣ ከቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ይቀጥላሉ።