ዝም ብሎ የመቀመጥ ግብ

ልጄ ፊደል አይያዝላትም። ዛሬ ያሳዩዋትን «ሀ» ነገ ስታገኘው እንደማታውቀው ሰው ታልፈዋለች። ድምፅ ግን እግዜር ሰጥቷታል። ሩዛችን ፍሬ መቋጠር ሲጀምር ማማው ላይ ቆማ ወፍ የምትጠብቅልን እሷ ነበረች። አንዴ «ሃይ!» ካለች የጎረቤት ማሳ ላይ ያረፈው ወፍ ሳይቀር ብድግ ይላል። ጎረቤቶቻችን «ልጅሽን አከራዪን» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

በመስከረም ወረታ ካለው ትምህርት ቤቷ አስጠሩኝ። የክረምቱ ውኃ ከሜዳው ገና አልሸሸም ነበርና የእግሬን ጭቃ በር ላይ አራግፌ ገባሁ። ርዕሰ መምህሩ፣ የክፍሏ መምህርትና አንድ ወጣት የልዩ ፍላጎት መምህር ተቀምጠዋል። ለልጄ የዓመቱን ግብ ልናወጣላት ነው አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ልጄን ከሰው ቆጠሯት ብዬ። ምን እንድትችል እንደምፈልግ ሲጠይቁኝም አላመነታሁም።

«ስሟን ትጻፍልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

እርስ በርስ ተያዩ። «ግብ የሚደረስበት መሆን አለበት፣ እናቴ» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። መምህርቷም የልቧን ተናገረች። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ልጄ ደግሞ ያልገባት ነገር ባጋጠማት ቁጥር ከመቀመጫዋ ተነስታ «ምንድን ነው?» እያለች ትጮሃለች፤ ማስተማር አቃተኝ አለች። ስለዚህ ግቧ ሳትነሳና ሳትናገር እስከ ደወል መቀመጥ ሆነ። ወጣቱ መምህር አንገቱን ደፍቶ ግቡን ወረቀት ላይ ጻፈው። ቢያንስ እሱ አፍሮ ነበር እላለሁ።

«ስሟስ?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁ።

«ቀስ ብሎ ይደርሳል» አሉኝ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የማይገባትን መጠየቋን ነው እንደ በሽታ ያዩባት። እኔ ያለኝ ተስፋ ግን መጠየቋ ብቻ ነበር።

ልጄ ዝም ብላ በዋለች ቁጥር የክፍሉ ልጆች በሙሉ እንዲያጨበጭቡላት ተደረገ። ጭብጨባ ደግሞ ማን ይጠላል? ማታ ማታ እግሯን ሰብስባ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንዴት እንደምትቀመጥ ለአባቷ ታሳየው ጀመር። ከዚያ «ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄዋ ከቤታችንም ጠፋ።

ሩዙ ለአጨዳ ሲቃረብ፣ አንድ ቅዳሜ ምሳዋን ይዤላት ወደ ማሳው ወረድኩ። ገና ከሩቅ ወፉ ሩዙ ላይ ተደፍቶ ሲለቅም አየሁ። ድምፅ የለም። ልጄን አንድ ነገር አገኛት ብዬ እየሮጥኩ ደረስኩ። ማማው ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ ተሰብስቧል፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። ስታየኝ ፈገግ አለች።

«ምነው ልጄ፣ ወፉ እኮ ጨረሰው! ምነው አትጮሂም?»

«እማየ፣ ዝም ብያለሁ እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ወፉን ጮኼ ያባረርኩት እኔ ነኝ። የሩዙ ነገር ብዙም አልቆጨኝም፤ ሩዝ ለከርሞ ይዘራል። የቆጨኝ ያ ድምፅ ነው።

በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ እኔንም ልጄንም አስጠራን። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ልጅዎ ግቧን መታች» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ። ስሟን መጻፉስ ብዬ ጠየቅሁ። መጀመሪያ ይኸንኑ እናጠናክርላት አሉኝ።

«እንግዲያውስ እኔም ግብ አለኝ» አልኳቸው። «እንደ ድሮዋ እንድትጮህ አድርጉልኝ።»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም። አጠገቤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እስኪያጨበጭቡላት ትጠብቅ ነበር።