ወደ ጭቃው የዞሩት ገጾች

የመጀመሪያው ምልክት ጎንበስ ማለት አለመቻሌ ነበር። ሳልም ሆነ ትኩሳት አልነበረኝም። እርሳስ ሲወድቅብኝ እንደ ሌላው ልጅ በማጎንበስ ፈንታ ወገቤን አድርቄ፣ ጉልበቴን ይዤ ቁጢጥ እል ነበር። እማዬ "ይቺ ልጅ ደግሞ ኩራት ጀመራት" ብላ ስቃብኛለች። አሥር ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቤታችን ኮልፌ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት።

በኋላ ሆስፒታል ሲወስዱኝ ሐኪሙ ቁልፋቸውን ሆን ብለው መሬት ላይ ጣሉና "እስቲ አንሺልኝ" አሉኝ። እንደለመድኩት ቁጢጥ አልኩ። ፈገግታቸው ጠፋ። ኤክስሬዩ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቼ መበላታቸውን አሳየ። የአከርካሪ ቲቢ ነው ተባለ። ከብብቴ እስከ ዳሌዬ በጀሶ ታሸግኩ። ለሁለት ወር በየቀኑ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ለአንድ ዓመት ተኩል የአይሶናያዚድ ኪኒን ታዘዘልኝ። ሐኪሙ ለአባዬ የነገሩትን እኔም ሰምቻለሁ፦ "በጀርባዋ ትተኛ። መርፌው አንድ ቀን እንዳይዘለል። በሽታው ሕብለ ሰረሰሯን ከተጫነው እግሯ አይታዘዝላትም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነቃ የመጀመሪያ ሥራዬ የእግሬን ጣቶች ማነቃነቅ ሆነ።

አልጋዬ ግድግዳውን ተጠግቶ ነበር። ግድግዳው እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ በጋዜጣ ተለብጧል። እማዬ ገበያ፣ አባዬ ማተሚያ ቤት ሲውሉ ግድግዳውን አነብ ነበር፤ የምርት ዘመቻውን፣ የበዓል ንግግሩን፣ የሞተ ሰው መርዶ ሳይቀር። ሦስት ጊዜ ጨረስኩት። ክረምት ገብቶ እርጥበቱ የአንዱን ጋዜጣ ጥግ አላቀቀው። ልጅ የተላቀቀ ነገር አይቶ መች ያስችለዋል? ሳብኩት። ከሥሩ ደቃቅ ፊደል ያለው የመጽሐፍ ገጽ ብቅ አለ።

ልጇን ማዶ ትታ ገበያ የወረደች ሴት ታሪክ ነበር። ስትመለስ ወንዙ ሞልቶ ይጠብቃታል። እንደዚያ ያለ አጻጻፍ አንብቤ አላውቅም ነበር፤ ውሃው ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። ዕድሜ ልኬን የወደድኩትን ደራሲ ያገኘሁት በዚያ ቀን፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣ አንገቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ለራሴ ላቆየው።

ማታ አባዬ የተላቀቀውን ጋዜጣ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። አባዬ በማተሚያ ቤቱ ጠራዥ ነበር። ደራሲው ሲታሰር መጽሐፉ ተሰብስቦ እንዲቃጠል ታዘዘ፤ አባዬ ግን አንዱን ቅጂ ይዞ መጣ፤ ስፌቱን ፈትቶ ቅጠል በቅጠል፣ ከታች ወደ ላይ በተራ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። በላዩ ጋዜጣ አለበሰው፣ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ አጣብቆ።

"በእጄ የጠረዝኩትን በእጄ አላቃጥልም" አለኝ ቀስ ብሎ። "አንቺ ግን አላየሽም። አንድ ሰው ካየ የሚወስዱት እኔን ነው። ገባሽ የኔ ልጅ?"

ገባኝ። ግን ሲወጣ ጠብቄ እንደገና እገልጥ ነበር። የያንዳንዱ ቅጠል አንዱ ፊት ወደ እኔ ነው፤ ሌላው ፊት ወደ ጭቃው። አንድ ገጽ አነባለሁ፤ ቀጣዩን አላገኘውም። ያላገኘሁትን ራሴ እሞላው ነበር፤ እንደ ቀኑ ፍርሃቴ ሴትዮዋን አሰጥማታለሁ።

መርፌ የሚወጉኝ ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ የሰፈሩ ድሬሰር ነበሩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ካኪ ለባሽ ናቸው፤ ከቀበሌ ስብሰባ አይቀሩም። አንድ ቀን ጋዜጣውን ሳልመልስ ደረሱብኝ። መርፌው ጭኔ ውስጥ እያለ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ቆየ። ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ዋሸኋቸው። "ሐኪሙ መርፌው ይብቃ ብለዋል" አልኩ።

"ወረቀት ጽፈዋል?"

"አባዬ ጋ ነው።"

ሄዱ። ለእማዬ ደግሞ "ወግተውኛል" አልኳት። ኪኒኑን እሷ ስለምታውጠኝ አልተቋረጠም። ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ። በር በተንኳኳ ቁጥር ለአባዬ የመጡ ይመስለኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጣቶቼን ላነቃንቅ ሞከርኩ። የግራው እምቢ አለ። ደግሜ ሞከርኩ። እምቢ አለ። በእጄ ጭኔን ቆነጠጥኩ። የሌላ ሰው ሥጋ መሰለኝ። አልጮህኩም። ብጮህ ይጠይቁኛል። ከጠየቁኝ እናገራለሁ። ከተናገርኩ አባዬን ይወስዱታል።

በዚያው ቀን ጋሽ ታፈሰ ሳይጠሩ መጡ። "ወረቀቱን ልየው" አሉ። ብርድ ልብሱን ገልጠው የውስጥ እግሬን በቁልፍ ጫፍ ጫሩት።

"ይሰማሻል?"

"አይሰማኝም።"

"መርፌው ይብቃ ያለው ማነው?"

"እኔ ነኝ። ግድግዳውን አይተውታል። አባዬን ያስይዙታል ብዬ ነው።" ከዚያ በኋላ ለቅሶዬን ማቆም አቃተኝ።

ተነሥተው በሩን ዘጉት። አለቀልን አልኩ።

"ስሚኝ" አሉ፣ ተመልሰው ቁጭ ብለው። "እኔ ድሬሰር ነኝ። ግድግዳ ላይ ሥራ የለኝም። የማየው እግር ነው፤ እግርሽ ደግሞ ከግድግዳው ይልቅ አስፈርቶኛል።" ወጉኝ። ከዚያ ብድግ ብለው ከራሳቸው ከፍታ በላይ ያለውን ጋዜጣ ገለጥ አደረጉ፤ አነበቡና መልሰው አጣበቁት። "ይህን መጽሐፍ አውቀዋለሁ" አሉ። "ወደ ጭቃው የዞሩትን ገጾች አንድ በአንድ እነግርሻለሁ፤ መርፌሽን በተወጋሽ ቁጥር አንድ። የመጨረሻዋን ግን አልነግርሽም። እሷ ወደዚህ የዞረች ናት፤ እላይ። ቆመሽ ታነቢያታለሽ።"

ሆስፒታል ተመልሼ ተወሰድኩ። ሕብለ ሰረሰሬን የተጫነ መግል ተገኘ። የዛሬ ሐኪሞች ሽባነቱን የስምንት ቀን መርፌ መዝለሉ ብቻውን አላመጣውም ይሉኛል። ይሁን። እኔ ግን የፈራሁትን ፍርሃት አልረሳሁም። ሐኪሙ "መድኃኒቱ ሳይቋረጥ እንጠብቃለን" አሉ። አባዬ የዋሸሁት መርፌ ፈርቼ መሰለው፤ እኔም አላረምኩትም።

ቤት ከተመለስኩ በኋላ ጋሽ ታፈሰ በየጠዋቱ እየመጡ፣ መርፌውን ነቅለው ጥጡን እየተጫኑ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጭቃውን ገጽ ይነግሩኝ ጀመር፤ ሴትዮዋ እንዴት ድንጋይ እንደሰበሰበች፣ አንድ ዓይና ሽማግሌ ገመድ ይዞ እንደመጣ፣ ገመዱ አጥሮ እንዴት እንደተጣሉ። በአራተኛው ሳምንት ገመዱ ሲወረወር የግራ አውራ ጣቴ ንቅንቅ አለ፤ እሳቸው ወሬያቸውን አቋርጠው ጣቴን ጨበጡና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። መርፌው ሲያልቅ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ፤ እኔም በአምስተኛው ወር፣ ጀሶው በአጭር ተቀይሮልኝ፣ በአንድ በኩል እማዬን በሌላው አባዬን ተደግፌ፣ እንደ ጥጃ እየተንገዳገድኩ ቆምኩ። ወደ በሩ ሊወስዱኝ ሲሉ "ወደ ግድግዳው" አልኩ። አልጋው ላይ አቆሙኝ። እጄን ዘርግቼ የላይኛውን ጋዜጣ ገለጥኩ። አባዬ አየኝ። ሄዶ በሩን ዘጋው።

ሴትዮዋ አልሰጠመችም። ዳር ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ ወንዙ ጎደለ፤ ተሻገረች። በቃ። ያን ሁሉ ቀን ሳሰጥማት ከርሜ፣ ይኸው ብቻ ነው ብዬ ተናደድኩ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አባዬ ግድግዳውን በሙቅ ውሃ እያራሰ ቅጠሎቹን አላቀቀና መጽሐፉን እንደገና ጠረዘው። በጀርባቸው ጭቃና ጭድ ስላለ አይነበቡም። በኋላ እንደገና ሲታተም አዲሱን ገዝቼ የማላውቃቸውን ገጾች ፈለግኩ። አንድ ዓይና ሽማግሌ የለም። ገመድ የለም። ድንጋይ የለም። ጋሽ ታፈሰ የነገሩኝ አንድም ቃል የለም። መጽሐፉን አንብበውት አያውቁም ነበር። ከግድግዳው ፊት ያለውን እንደኔው አንብበው፣ መጨረሻዋን ከላይ አይተው፣ መሐሉን ለነገ መርፌ እየፈጠሩ አምጥተውልኛል። መጽሐፍ መደብሩ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

የአከርካሪ ቲቢ ይድናል። ልጃችሁ ጎንበስ ማለት ካቃተው ኩራት ነው አትበሉ፤ ኤክስሬይ አስነሡት። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ቀን ስጡት፤ ሲሻለውም አታቁሙ። እምቢ ካለ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደፈራ ጠይቁት። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።

ሐኪሙን፣ እማዬን፣ አባዬን አመሰግናለሁ። አባዬ የጠረዘው መጽሐፍ ዛሬ እኔ ጋ ነው። ሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ከሥሩ የጋሽ ታፈሰን ስም በእስክርቢቶ ጨምሬበታለሁ።