ከእማ ዘሃራ ጣራ የሚወርደው ውሃ

ባለፈው ሐምሌ ከቤታችን በታች ያለችው ጎረቤቴ፣ በቅርቡ ያገባች ልጅ ናት፣ ስልኳን ይዛ መጣች። ግቢ ስላት እምቢ ብላ ደጃፉ ላይ ቆመችና ቪዲዮ ከፍታ አሳየችኝ። የእኛ ጣራ ውሃ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ግድግዳዋ ላይ ሲተኛ ይታያል። "እትዬ፣ እንዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ እንጂ..." ብላ ስትጀምር ዓይኗ እንባ አቀረረ። የምን ይቅርታ አመጣሽ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው አልኳት። በማግስቱ ቆርቆሮ ሠሪ ጠርቼ የተሰበረውን አሸንዳ አስቀየርኩ። ለእሷ ነገሩ በዚያው አለቀ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሳስብ የሰነበትኩት ስለ ሌላ ጣራና ስለ ሌላ ክረምት ነበር።

ደሴ ላይ ቤት ያለው ሰው ወይ የላይኛው ጎረቤት ነው፣ ወይ የታችኛው። ከተማው ያረፈው ተዳፋት ላይ ስለሆነ አንዱ የደፋው እጣቢ ሌላው ደጅ ሳይደርስ አይቀርም። የታችኛው ያጉረመርማል፤ የላይኛው "ውሃ ሽቅብ አይሄድልኝ፣ ምን ላድርግ?" ይላል። መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እኔ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ የታችኞቹ እኛ ነበርን። የላይኞቹ ደግሞ ዓይናቸው ደክሞ መርፌውን የተዉት ልብስ ሰፊ ጋሽ ይማምና ባለቤታቸው ዘሃራ ነበሩ።

ዘሃራን ጎረቤት ብቻ ብዬ ባልፋት ግፍ ይሆንብኛል። እናቴ እኔን በወለደች ሰሞን በጠና ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ዘሃራ ያኔ ሰይድን ወልዳ ታጠባ ስለነበር አንዱን ጡት ለእሱ፣ ሌላውን ለእኔ ሰጠች። ስለዚህ የወለደችኝን እማዬ፣ እሷን እማ ዘሃራ እያልኩ አደግሁ። እኛ ክርስቲያን፣ እነሱ ሙስሊም ስለሆንን በዓል ሲመጣ ሥጋው ለየብቻ ነው። ዳቦው፣ ቆሎው፣ ከእናቴ ጓሮ የሚቀነጠሰው ጎመን ግን በአጥሩ ክፍተት በኩል ወዲያና ወዲህ ሲል ይውላል። እኔም በዚያው ክፍተት ሾልኬ ሁለት ቤት ምሳ እየበላሁ ነው ያደግሁት፤ ያም ሆኖ ቀጭን ነበርኩ።

ጠቡን ያመጣው አዲስ ቆርቆሮ ነው። ሰይድ ጅዳ ሄዶ ሥራ ያዘና ለወላጆቹ ከቤታቸው ጀርባ ሰፊ ክፍል አሠራላቸው። ሲመረቅ እናቴም እልል ብላ ነበር። የክፍሉ ጣራ ግን የሚያዘነብለው ወደ እኛ ነው፤ አሸንዳም የለውም። ጋሽ ይማም ለአንድ ቆርቆሮ ሠሪ አሸንዳ አዝዘው ነበር። ሰውየው ነገ፣ ነገ ሲል ሰኔ አለቀ። ሐምሌ ሲገባ ውሃው መጀመሪያ የእናቴን የጎመን መደብ ጠርጎ ወሰደው። ቀጥሎ ወደ ጓዳችን ግድግዳ ዞረ። የጭቃ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ልስኑ ያብጣል፣ ከዚያ ይረግፋል፣ ከዚያ ጭዱና ማገሩ ይታያል። ሣጥን ውስጥ ያለው ልብስ ሳይቀር ሻገተብን። እናቴ በየጠዋቱ ግድግዳውን እንደታመመ ልጅ ግንባር በመዳፏ እየዳሰሰች "ዛሬ ደግሞ ብሶበታል" ትላለች።

አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና በአጥሩ በኩል ተናገረች።

"ዘሃራ፣ ውሃሽ ቤቴን ሊያፈርስብኝ ነው።"

"ዝናቡን እኔ አላወረድኩት፣ አስካለ። ሰውየው ነገ እመጣለሁ ብሏል።"

"ነገ ካልመጣ ለቀበሌ ነው የምናገረው።"

ነገሩን ያበላሸችው ቀበሌ የምትለዋ ቃል ናት። እማ ዘሃራ "እኔን? ለቀበሌ?" ብላ ወደ ቤቷ ገባች። እናቴም በዚያው ንዴቷ አሮጌ ቆርቆሮ ፈልጋ የአጥሩን ክፍተት ደፈነችው።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ዝም ተባባሉ ማለቴ ግን አይደለም፤ በእኔ በኩል ይነጋገሩ ነበር። ጓሮ ልብስ ሳሰጣ እማ ዘሃራ ከላይ ሆና "ልጄ፣ ለእናትሽ ንገሪልኝ፤ ጎመኗን ዶሮዬ አልነካባትም" ትላለች። እናቴ እዚያው አጠገቤ ሽንኩርት እየኮተኮተች ነው። ቀና እንኳ ሳትል "ዶሮ ነው ያልኩት? የማን ውሃ እንደወሰደው ታውቃለች በያት" ትላለች። መልእክቱን ላደርስ አፌን ስከፍት እማ ዘሃራ "ሰምቻለሁ" ትለኛለች። በመጀመሪያው ሰሞን ያስቀኝ ነበር። እየቆየ ግን ከአንዷ ጋር ተጨዋውቼ ወደ ሌላዋ ስሄድ የከዳሁ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ የሚሠራው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነበር። ሳምንቱን እዚያ ሰንብቶ ቅዳሜ ማታ፣ ጉም የዋጠውን የሀረጎን ዳገት ጠመዝማዛ አልፎ ይመጣል። ከቆላው ፓፓያ ይዞልን ይመጣና የደሴ ብርድ ሲቀበለው በሩ ላይ ጋቢውን ይጠይቃል። አንድ ቅዳሜ ግን ጋቢውንም ሳይጠይቅ እናቴን ጠራትና "ነገ ከሰዓት ሽማግሌ ይመጣል" አላት። የልጁ ስም ጌታሁን ነው፤ አባቴ ጋ የሚሠራ መካኒክ። ለአባቴ ዕቃ ላድርስ እያለ ቤታችን ተመላልሷል። ሁለተኛ የመጣ ጊዜ ያደረሰው ዕቃ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያስታውስ የለም። እኔም ወድጄው ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ ምን አሳፈረኝ።

የእናቴ ፊት በርቶ ወዲያው ጠቆረ። ለምን እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። በእኛ ዘንድ የጡት እናት ሳትሰማ የጡት ልጅ አትዳርም።

"ዘሃራን ጥሪያት" አላት አባቴ።

"አንተ ለይማም ንገረው።"

"እኔ ብነግረው አንቺ እንዳልፈለግሻት ነው የምታውቀው። ካንቺ አፍ ትስማ።"

እሑድ ጠዋት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን እንደለበሰች አጥሩ ጋ ሄደች። ብዙ ቆማ ተመለሰች። "አፌ እምቢ አለኝ" አለች። እኔ ሄጄ እንዳልነግር፣ ሴት ልጅ የራሷን ሽማግሌ እንዴት አፍ አውጥታ ትናገራለች? ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከሁለት እናቶቼ አንዷ ሳታውቅ እኔ ልታጭ ነው። ደስታዬ ጎደሎ እንደሚሆን ያኔውኑ ታውቆኛል።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሰዓት በኋላ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ገና ከመቆማቸው ዝናቡ ወረደ። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ክረምት ያሳለፈ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፤ አጠገብ ላጠገብ ሆኖ መደማመጥ የለም። ትልቁ ሽማግሌ "ልጃችሁን ለልጃችን" የሚለውን ያማረ ንግግራቸውን ጀመሩ። አባቴ "አቤት?" አላቸው። እንደገና ጮኸው ጀመሩ። እኔ ጓዳ ውስጥ በጉልበቴ ተንበርክኬ ከግድግዳው ሥር የሚገባውን ውሃ በጨርቅ እየመጠጥኩ ሳፋ ውስጥ እጨምቃለሁ። ውሃው ቀደመኝ። ቀጭኑ ጭቃማ ጅረት በመጋረጃው ሥር አልፎ ወደ ሳሎኑ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ጫማ መንገድ ሲጀምር ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ድንገት ውሃው ቆመ። ዝናቡ እንደሆነ ጭራሽ ብሶበታል፤ ከግድግዳው ሥር ግን ጠብታ አይገባም። እናቴም አይታ ኖሮ ከሳሎን መጥታ ወለሉንና እኔን እያፈራረቀች ተመለከተች። ከዚያ በጓሮ በር ወጣች፤ ተከተልኳት።

እማ ዘሃራ በባዶ እግሯ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ከጣራዋ ጠርዝ ሥር ቆማለች። ክፍተቱን የደፈነውን አሮጌ ቆርቆሮ ነቅላ በሁለት እጇ አጋድማ ይዛዋለች። የጣራው ውሃ እሱ ላይ እየወረደ ተመልሶ ወደ ራሷ ግቢ ይፈሳል። ጋሽ ይማም በዶማ ቦይ ሊቀዱለት ይታገላሉ። ቦዩ አልደረሰም፤ ውሃው በአዲሱ ክፍል በር ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

"ዘሃራ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለች እናቴ። በእኔ በኩል አልነበረም።

"ሽማግሌዎቹ ሲገቡ አየኋቸው። ወላሂ፣ ልጄን ሊጠይቁ መጥተው ጭቃ አይረግጡም። ሂጂ ግቢ አንቺ፣ እንግዳ ጥለሽ ትወጫለሽ?"

እናቴ አልገባችም። ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ነጭ ቀሚሷ በክፍተቱ ወጥታ የቆርቆሮውን ሌላ ጫፍ ያዘች። ሁለቱም ውሃው እየወረደባቸው ቆሙ። ከቆይታ በኋላ እናቴ "ቀበሌ ያልኩት..." ብላ ጀመረች። እማ ዘሃራ "አብሽሪ፣ ተይው፤ ጫፉን ከፍ አድርጊ" አለቻት።

አባቴ ሊፈልገን ወጥቶ ይህን አየ። ተመልሶ ገብቶ ለሽማግሌዎቹ እየጮኸ "የልጅቷ አባቶች ሁለት ነን፤ ሁለተኛው ጭቃውን ታጥቦ እስኪመጣ ይጠብቁን" አላቸው። ዝናቡ ጋብ ሲል ጋሽ ይማም የአባቴን ጋቢ ለብሰው ከጎኑ ቆሙ፤ ሁለቱ እናቶቼም በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ጥግ ያዙ። ትልቁ ሽማግሌ ድምፃቸው ዘግቶ ንግግራቸውን ለሦስተኛ ጊዜ ጀመሩ። ሲጨርሱ ጋሽ ይማም ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጁ አሸንዳ መግጠም ይችላል?" ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ጋሽ ይማም ግን መልስ ይጠብቁ ነበር። ጌታሁን በሚቀጥለው እሑድ መሰላል ተሸክሞ መጣ፤ እንደምወደው ለራሴ በደንብ ያመንኩት ያን ቀን እላይ ሆኖ ሚስማር በአፉ ይዞ ሳየው ነው።

አሁን ሳስበው እናቴን ያንገበገባት ውሃው አልነበረም። የምትወዳት ሰው ከላይ ሆና የእሷን ግድግዳ አለማየቷ ነው። እማ ዘሃራንም ያቆሰላት ቀበሌው ሳይሆን እንደ ባዕድ መቆጠሯ ነው። ባዕድ ጎረቤት ውሃ ቢለቅብን ተናደን እናልፋለን፤ እንዲህ አንታመምም።

እናቴ ካረፈች ቆየች። እማ ዘሃራ ከጅዳ ተመልሶ ከገባው ከሰይድ ጋር ኮምቦልቻ ትኖራለች። ዓይኗ ስለደከመ የልጅ ልጆቿን "ሰማዩ ደሴ በኩል ጠቁሯል?" እያለች ትጠይቃለች። ጠቁሯል ካሏት ታስደውላቸዋለች።

"ልጄ፣ ውሃ ገባብሽ እንዴ?"

"አልገባም እማ።"

"ገብቶ እንደሆን አትደብቂኝ። እመጣለሁ።"

ከአልጋዋ እስከ በሩ የምትሄደው ሰው ደግፏት ነው። እመጣለሁ ስትለኝ ግን አምናታለሁ፤ ስለዚህ ቢገባም አልነግራትም።